ቁርስራሹ አይጣል
በጓዳ ያለውን አውቆ ስለ ማብሰል

ዛሬ የምንማረው ትምህርት በየቤታችን ጓዳ ውስጥ ያለ ነው። አንዳንዶቻችሁ “የጓዳ ሥራ የእናቶች ነው፤ እኛን ምን አገባን?” ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከመሶቡ የምንበላው ሁላችንም ነን። ስለዚህ ወንዱም ሴቷም ይህን ትምህርት በጥሞና ይከታተል።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦
ሀ. በቤት ውስጥ ካለው ምግብ የትኛው አስቀድሞ፣ የትኛው ቆይቶ መበላት እንዳለበት ትለያላችሁ፤
ለ. ከተረፈ እንጀራ፣ ከደረቀ ዳቦና ከጥቂት ጥራጥሬ ምን ሊሠራ እንደሚችል ትናገራላችሁ፤
ሐ. የተረፈ ሆኖ የሚበላውንና ተበላሽቶ የሚጣለውን ታውቃላችሁ፤
መ. በቁጠባና በስስት መካከል ያለውን ልዩነት ታስረዳላችሁ።

1. ከጠገቡ በኋላ

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። አንድ ልጅ ይዞት በነበረው አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ጌታችን አምስት ሺህ ያህል ሰው መገበ። ሁሉም በልተው ጠገቡ። ታሪኩን ስንተርክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። ለዛሬው ትምህርታችን መሠረት የሚሆነን ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የተረፈውን ሁሉ እንዲሰበስቡ፣ ምንም እንዳያባክኑ አዘዛቸው። በሰበሰቡም ጊዜ ዐሥራ ሁለት መሶብ ሞላ።

እስቲ አስቡት። በአምስት እንጀራ ያን ሁሉ ሕዝብ ያጠገበ ጌታ በማግስቱ እንደ ገና ማብዛት ይሳነው ነበርን? አይሳነውም። ሆኖም ቁርስራሹ ይሰብሰብ አለ። ከዚህ የምንማረው፣ ምግብ የሚሰበሰበው ችግር ሲመጣ ብቻ እንዳልሆነ ነው። በጠገብንበት ቀንም ቢሆን የተረፈው ምግብ ክብር አለው።

2. አንዲት እንጀራ ከመሶብ እስክትደርስ

ጤፍ እጅግ ደቃቅ እህል ናት። የአንዷ ፍሬ ወርድ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ገበሬው ለጤፍ የሚሆነውን መሬት ደጋግሞ ያርሳል፤ አፈሩ ልም እስኪሆን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ የሚያርስ ብዙ ነው። በክረምት ይዘራል፤ አረሙን ጎንበስ ብሎ በእጁ ይነቅላል፤ በመኸር ያጭዳል፤ በበሬ ያበራያል፤ በነፋስ ያዘራል። ከዚያ በኋላ ጤፉ ተነፍቶ ወደ ወፍጮ ይሄዳል። ዱቄቱ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ አብሲት ይጣልለታል፤ ኩፍ ሲልም በጋለ ምጣድ ላይ ይጋገራል።

አያችሁ ልጆች? የአንዲት እንጀራ መንገድ ከክረምት እስከ በጋ ነው። ብዙ እጅ ነክቷታል። ግማሽ እንጀራ ወደ ቆሻሻ ስንወረውር የገበሬውን እርሻ፣ የበሬውን ድካም፣ የእናታችንንም ጭስ አብረን እንወረውራለን።

ይህ የእኛ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደ ባከነ ገልጿል። ከዚህም ውስጥ ከመቶ 60 የሚሆነው የባከነው በሆቴል ወይም በሱቅ አይደለም፤ በየሰው ቤት ነው። እንግዲህ የምግብ ብክነት የሚቀነሰውም በመጀመሪያ በየቤቱ ነው ማለት ነው።

3. እናቶቻችን ይህን ከጥንት ያውቁታል

ምግብ ለምን ይበላሻል? ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። እነዚህም ለመራባት ውኃና ሙቀት ይፈልጋሉ። ውኃውን ካሳጣናቸው ወይም ቅዝቃዜ ካበዛንባቸው ሥራቸው ይቆማል። እናቶቻችን ይህን በትምህርት ቤት ባይማሩትም በሥራ ያውቁት ነበር።

የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት በፀሐይ ሲደርቅ ድርቆሽ ይሆናል፤ ውኃ ስለሌለው ወራት ይቆያል። ሥጋ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ በገመድ ላይ ተሰቅሎ ሲደርቅ ቋንጣ ይሆናል። ቅቤ ተነጥሮ ውኃውና የወተቱ ዝቃጭ ሲወጣለት ሳይበላሽ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ገብስ ተቆልቶ ሲፈጭ በሶ ይሆናል፤ ውኃ ብቻ ካገኘ እሳት ሳያስፈልገው ይበላል። በጉራጌና በሲዳማ ደግሞ የእንሰት ምግብ የሆነው ቆጮ በጉድጓድ ተቀብሮ፣ ኮምጥጦ ብዙ ወር ይቆያል።

መንገደኛና ዘማች ስንቅ ብሎ የሚይዘውም ይህንኑ ደረቅ ምግብ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ነበር የተነሣው። ድርቆሽና በሶ የድሃ ምግብ ነው የሚል ልጅ ካለ ይህን ያስታውስ።

አረጋውያን መሬት ላይ የወደቀ እንጀራ ሲያዩ አንሥተው ከፍ ካለ ቦታ የሚያስቀምጡት ለምን ይመስላችኋል? ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ክፉ ቀን በገባው የከብት በሽታ የእርሻ በሬዎች ስላለቁ እጅግ ብዙ ሕዝብ በረኃብ ዐልቋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ወገኖቻችን በረኃብ ሞተዋል። ያንን ያየ ሰው ቁራሽ እንጀራ ሲጣል ልቡ ይደነግጣል። እኛም ሳናየው ልንማርበት ይገባል።

4. አምስት ቀን ከጓዳው

አሁን ደግሞ አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

በአዲስ አበባ የምትኖር አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አለች እንበል። የምትኖረው ከእናቷ፣ ከአያቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። እናቷ ደመወዝ የምትቀበለው ቅዳሜ ሲሆን ቀኑ ገና ሰኞ ነው። ልጅቷ የማቀዝቀዣውን በር ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። መደርደሪያውንም አየት አድርጋ ተመለሰች።

“እማማ፣ ቤት ውስጥ ምንም የሚበላ የለም” አለች።

“ምንም የለም ነው፣ ወይስ አንቺ የምትወጂው የለም?” አሉ አያቷ እየሣቁ። “በይ ደብተርና እርሳስ አምጪ። እኔ ልቁጠር፣ አንቺ ጻፊ።”

እንዲህም ብላ ጻፈች።

ከፍሪዘር፦ አራት አራት ሆኖ በሁለት ላስቲክ የታሸገ ስምንት እንጀራ፤ በትንሽ ዕቃ የተቀመጠ ቁሌት።
ከቅርጫት፦ አምስት ድንች፣ ሁለት ካሮት፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት።
ከመደርደሪያ፦ አንድ ቆርቆሮ ድርቆሽ፣ ሦስት የደረቀ ዳቦ፣ ሦስት ኩባያ ሽሮ፣ አንድ ኩባያ ተኩል ምስር፣ አንድ ኩባያ ስንዴ፣ አንድ ኩባያ ሽምብራ፣ ግማሽ ኩባያ ባቄላ፣ በርበሬ፣ እርድ፣ ጨው፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ አንድ ከረጢት ኦቾሎኒ።

ኦቾሎኒውን ሲፈቱት ከፊሉ አረንጓዴ ሻጋታ ይዞት ተገኘ። “እማማ፣ ጥሩ ጥሩውን ልልቀመውና ልጠበው?” ብላ ጠየቀች።

“ተዪው፤ ይህስ ይጣል” አሉ አያቷ። “ቁጠባ ጤና እስኪነካ አይደለም።” ከዚያም ዝርዝሩን አስነበቧትና “በይ አሁን ንገሪኝ፤ ከዚህ ሁሉ ሳይበላሽ የማይጠብቀን የትኛው ነው?” አሏት።

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና “አታክልቱ” ብላ መለሰች።

“ጎበዝ! እንግዲያው ከእርሱ እንጀምራለን። መጀመሪያ እርጥቡ፣ ቀጥሎ ከበረዶ የወጣው፣ በመጨረሻ ደረቁ ይበላል። ድርቆሽ ታጋሽ ነው፤ ይጠብቀናል።”

ሰኞ። ከድንቹ አንዱ ቆዳው ወደ አረንጓዴ ተለውጦ ስለ ነበር አወጡት፤ እንዲህ ያለው ድንች ሆድ ያማል። የቀሩትን አራቱን ያቆጠቆጠውን ጫፍ ቆርጠው ላጧቸው። ከካሮቱና ከጥቅል ጎመኑ ጋር በእርድ አልጫ ተሠራ። ከፍሪዘሩም አራቱ እንጀራ ብቻ ወጣ። የቀረው አልተነካም። ማታ ቁሌቱ ከፍሪዘር ወጥቶ እንዲቀልጥ ከታች ወደ ማቀዝቀዣው ተዛወረ።

ማክሰኞ። ቁሌቱ በጥቂት ውኃ ፈላ። ደረቁ ዳቦ ተቆራርሶ ገባበትና ዳቦ ፍርፍር ሆነ። ታናሽ ወንድሟ “ይህ ዳቦ ትናንት ጥርሴን ሊሰብረው አልነበረም?” ብሎ ሁሉንም አሣቃቸው።

ረቡዕ። ምስር ወጥ ተሠርቶ በቀሩት አራት እንጀራ ተበላ። ጥቂት ምስር ተረፈ፤ ሳይቆይ በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ማቀዝቀዣ ገባ። ማታ ስንዴው፣ ሽምብራውና ባቄላው ታጥበው በውኃ ተዘፈዘፉ።

ሐሙስ። የተዘፈዘፈው ንፍሮ ሆነ። ከረቡዕ የተረፈው ምስርም እንፋሎቱ እስኪወጣ ድረስ ፈልቶ አብሮ ቀረበ። ንፍሮው እንደ ወጣ አያቷ አስቀድመው አንድ ሳሕን ሞሉና “ይህን ለጎረቤታችን ለእማሆይ አድርሺ፤ ሰሞኑን አሟቸው እሳት አላነደዱም” አሏት።

ልጅቷም “እማማ፣ ለእኛስ ይበቃናል? ደግሞስ የትናንቱን ምስር ብንሰጣቸው አይሻልም?” አለች።

“የእኔ ልጅ፣ ለሰው የሚሰጠው ከድስቱ አፍ እንጂ ከድስቱ ሥር አይደለም። የትናንቱን እኛ እንበላዋለን።”

ዓርብ። ሽሮ ቀጠን ተደርጎ ተሠራና ድርቆሹ ተጨመረበት። አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ድርቆሽ አራት ሰው አጥግቦ ተረፈ።

ቅዳሜ እናቷ ደመወዟን ይዛ ስትመጣ ልጅቷ ደብተሩን አሳየቻት። ሽሮው ገና ስላለ ሽሮ አልተገዛም፤ ጨውም አልተገዛም። የተገዛው ያለቀው ብቻ ነው። አባቶቻችን “የበላችው ያቅራታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል” እንደሚሉት፣ ያለውን ሳያዩ በላይ በላዩ መግዛት መደርደሪያውን ይሞላል እንጂ ቤቱን አያጠግብም።

ልጆች፣ ከዚህ ምሳሌ ምን ተረዳችሁ? በዚያ ቤት በሰኞና በቅዳሜ መካከል አንድም አዲስ ነገር አልተገዛም። የተለወጠው የልጅቷ አስተያየት ነው። ሰኞ ጧት “ምንም የለም” ያለችበት ጓዳ አምስት ቀን መገበ፤ አልፎም ለጎረቤት ተረፈ።

5. አሠራሩን እንማር

ማሳሰቢያ፦ እሳትና የፈላ ውኃ አደገኛ ነው። እነዚህን ሥራዎች የምትሠሩት ታላቅ ሰው አጠገባችሁ ሲኖር ብቻ ነው። ሽንኩርት መላጥ፣ ጥራጥሬ መልቀም፣ እንጀራ መቆራረስ ግን የእናንተ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ሀ. ድርቆሽ
ያልሻገተ የተረፈ እንጀራ በትንሽ በትንሹ ይቆራረሳል። ሳይደራረብ በሰፌድ ላይ ይሰጣል፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ይሸፈናል። ማታ እየገባ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይመታል። ሲነኩት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል ማለት ነው። ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ቆርቆሮ ይቀመጣል። እርጥበት ከነካው ይሻግታል፤ ስለዚህ እርጥብ እጅ አይግባበት።

ለ. የድርቆሽ ፍርፍር (ለአራት ሰው)
የሚያስፈልገው፦ አራት ኩባያ ድርቆሽ፣ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ጥቂት የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ኩባያ ተኩል ውኃ፣ ጨው።
አሠራሩ፦ ሽንኩርቱ ደቆ ይከተፍና በትንሽ እሳት ይቁላላል። ዘይቱ ይጨመራል። ቀጥሎ በርበሬው ይገባና እንዳያርር ጠብ ጠብ እያለ ውኃ እየተጨመረበት 10 ደቂቃ ያህል ይማሰላል። ነጭ ሽንኩርቱና የቀረው ውኃ ይጨመራል። ሲፈላ ጨው ይደረግበታል። ድርቆሹ ይገባና አንድ ጊዜ ይገላበጣል። ከዚያም ከእሳት ወርዶ፣ ተከድኖ 5 ደቂቃ ይቆያል። ድርቆሹ መረቁን ጠጥቶ ይለሰልሳል።

ሐ. የተቀላቀለ ንፍሮ
በየከረጢቱ ሥር የቀረው እፍኝ እፍኝ ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ ለብቻው አይበቃም፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን ቤተ ሰብ ይመግባል። ተለቅሞና ታጥቦ ለየብቻው ሌሊቱን በብዙ ውኃ ይዘፈዘፋል። በማግስቱ ውኃው ይደፋል። ሽምብራውና ባቄላው ስለሚቆዩ በአዲስ ውኃ ቀድመው ይጣዳሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስንዴው ይጨመራል። ሁሉም እስኪለሰልስ አንድ ሰዓት ያህል ይቀቀላል። ጨው የሚጨመረው በመጨረሻ ነው።

መ. ሌሎችም አሉ
የተረፈ ምስር ጠንከር ካለ የሳምቡሳ ውስጥ ይሆናል። የተረፈ ሽሮ በውኃ ቀጥኖ፣ ፈልቶ ለፍትፍት ይሆናል። የቀይ ሥር ቅጠል አይጣልም፤ እንደ ጎመን ተከትፎ ይሠራል። የደረቀ ቂጣም ተቆራርሶ በዘይትና በበርበሬ ሲታሽ እንደ ገና ይጣፍጣል።

6. ይህስ ይጣል

ከዚህ በላይ ያየናት አያት ኦቾሎኒውን አስጥለዋል። ለምን? በኦቾሎኒ፣ በእህልና በበርበሬ ላይ የሚበቅል አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ቢታጠብም ቢበስልም አይጠፋም። በሻገተ እንጀራም ላይ በዓይን የምናየው ነጠብጣብ ብቻ አይደለም፤ የሻጋታው ክር ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስለዚህ የሻገተውን ቦታ ቀዶ ሌላውን መብላት አይገባም። ለድሃም አይሰጥም፤ ለእኛ የማይሆን ለእርሱም አይሆንም። ለከብትና ለዶሮም አይደፋም።

እንግዲህ ምግብ እንዳይደርስበት አስቀድመን እንጠንቀቅ። “ከአያያዝ ይቀደዳል” ይባል የለ?

- የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ማቀዝቀዣ ካለ ተከድኖ ይግባ። የማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሆን ይገባዋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የሚበቃውን ያህል ብቻ ማብሰል ይሻላል።
- የተረፈ ወጥ ሲሞቅ ለብ ማለት አይበቃውም። እንፋሎቱ እስኪወጣ መሞቅ አለበት።
- የፍሪዘር ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲሆን ምግብ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ቅዝቃዜ ግን ጀርሞችን በሙሉ አይገድልም፤ እንዳይራቡ ብቻ ያደርጋቸዋል። ምግቡ ሲቀልጥ እነርሱም ሥራቸውን ይጀምራሉ። ስለዚህ የቀለጠውን መልሶ ማስገባት ደግ አይደለም።
- ወደ ፍሪዘር የሚገባ ምግብ በአንድ ጊዜ በሚበላው መጠን ተለይቶ ይታሸግ፤ የገባበትም ቀን ይጻፍበት። በውጭ አገር በምትኖሩ ልጆች ቤት እንጀራው በፍሪዘር እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። አራት ለሚበላ ቤተ ሰብ ዐሥር እንጀራ በአንድ ላይ ከቀለጠ ስድስቱ ይባክናል።
- አዲስ የተገዛው ከኋላ ይደርደር፤ የቆየው ከፊት ይሁን። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ።
- መብራት ሲጠፋ የፍሪዘሩን በር እየከፈታችሁ አትዩ። በሩ ካልተከፈተ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።
- ስለ አንድ ምግብ ከተጠራጠራችሁ ራሳችሁ አትወስኑ፤ በመቅመስም አትፈትኑት። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።

7. ቁጠባና ስስት አንድ አይደሉም

ቆጣቢ ሰውና ስስታም ሰው ሁለቱም ቁርስራሽ ሲሰበስቡ ይታያሉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ስስታም የሚሰበስበው ለራሱ ብቻ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ መሶቡን ይሸሽጋል። ቆጣቢ ግን የሚሰበስበው እንዲዳረስ ነው፤ ስለ ቆጠበ ለእንግዳ የሚያቀርበው አያጣም። ያቺ አያት ከአምስት ቀን ቀለብ ላይ ለጎረቤት አንድ ሳሕን የሰጡት ስለ ተረፋቸው ብቻ አይደለም። ገና ሲጀምሩ የእርሳቸውንም ድርሻ አስበው ነበር።

ሁለተኛ ነገር ልንገራችሁ። በትምህርት ቤት አንዳንድ ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ፍርፍር ወይም ንፍሮ ብቻ ይኖራል። ይህን አይተው የሚሣለቁ አሉ። ልጁም ያፍርና ምሳውን ሳይበላ ይመልሰዋል፤ ወይም ይደፋዋል። በዚህ ቀን የሚባክነው ምግቡ ብቻ አይደለም። እናቱ ያለውን አብቃቅታ፣ በሌሊት ተነሥታ የሠራችው ሥራ ይዋረዳል። በጓደኛችሁ ምሳ ላይ ከመሣቅ ይልቅ ምሳችሁን አቅርባችሁ አብራችሁ ብሉ።

ሦስተኛ፣ ቁጠባ የሚጀምረው ከራሳችን ሳሕን ነው። ወጥ ስንጨልፍ ዓይናችን የሚበላውን ያህል ሳይሆን ሆዳችን የሚችለውን ያህል እናውጣ። ካነሰን እንጨምራለን። አውጥተን የተውነው ግን ወደ ድስቱ አይመለስም።

ማጠቃለያ

ልጆች፣ በዛሬው ትምህርታችን ከማብሰል በፊት መቁጠር፣ ከመግዛት በፊት ማየት፣ ከመጣል በፊት መጠየቅ እንደሚገባ ተምረናል። የተበላሸ ምግብ ይጣላል። የተረፈ ምግብ ግን ተበላሸ ማለት አይደለም። በጥቂት ቁሌት ደረቅ እንጀራ እንደ ገና ማዕድ ይሆናል። በየቤታችን ያለውን ለማየትና ለማካፈል እግዚአብሔር ልቡናችንን ያብራልን።

የቃላት ፍቺ

ስንቅ፦ ለመንገድ የሚያዝ ምግብ።
ድርቆሽ፦ ተቆራርሶ በፀሐይ የደረቀ እንጀራ።
አብሲት፦ ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ፣ በእሳት ተማስሎ ወደ ሊጡ የሚመለስ።
ቁሌት፦ ለወጥ የተቁላላ ሽንኩርትና በርበሬ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ምን ተደረገ? ከዚህስ ምን እንማራለን?
2. ድርቆሽና ንጥር ቅቤ ቶሎ የማይበላሹት ለምንድን ነው?
3. በምሳሌው አያት ከአታክልቱ የጀመሩት፣ ድርቆሹን ደግሞ ለመጨረሻ ያቆዩት ለምንድን ነው?
4. የሻገተ ኦቾሎኒ ታጥቦ ወይም ተቆልቶ ቢበላ ምን ችግር አለው?
5. “ለሰው የሚሰጠው ከድስቱ አፍ እንጂ ከድስቱ ሥር አይደለም” ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
6. ቆጣቢ ሰውና ስስታም ሰው በምን ይለያያሉ? ከአካባቢያችሁ ምሳሌ ስጡ፤ የሰው ስም ግን አትጥሩ።

የቤት ሥራ

ከእናታችሁ፣ ከአባታችሁ ወይም ከአሳዳጊያችሁ ጋር ሆናችሁ በመደርደሪያና በማቀዝቀዣ ያለውን ምግብ ሁሉ በደብተራችሁ ጻፉ። ከጎኑም “ዛሬ”፣ “በዚህ ሳምንት” ወይም “ይቆያል” እያላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዝርዝሩ አንድ ተረስቶ የቆየ ነገር ምረጡና ምን እንደሚሠራበት አያታችሁን ወይም በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። የነገሯችሁን ጽፋችሁ በሚቀጥለው ሰንበት ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ።